የወጣት ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ግምገማ፦ ዕድሜ፣ ዐውድና የዕድገት ጎዳና ከሙያዊ ውድድር በፊት

አጠቃሎ

ወጣት የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ወደ ሙያዊ ውድድር ከመግባታቸው በፊት በመልማዮች፣ በአሠልጣኞችና በመረጃ ተንታኞች ይገመገማሉ። ይህ አጭር ጥናታዊ ጽሑፍ ግምገማው የሚሳሳትባቸውን ምክንያቶች ይመረምራል። ማስረጃው የተወሰደው ከአሜሪካው ብሔራዊ የቅርጫት ኳስ ማኅበር (ኤንቢኤ) የምልመላ ታሪክ፣ በአውሮፓ፣ በአውስትራልያና በአፍሪካ ከተዘረጉ የዕድገት ጎዳናዎች እንዲሁም በዘርፉ ከታተሙ ጥናቶች ነው። የጽሑፉ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ አንድን ወጣት ከሚያድግበት ጎዳና ነጥሎ በአንድ የደረጃ ቁጥር መግለጽ ለስሕተት ይዳርጋል። የስሕተቱ ዋና ምንጮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም የዛሬውን አካል የነገ ችሎታ አድርጎ ማየት፣ አኃዞችን ከተገኙበት ዐውድ ነጥሎ ማንበብና ለተጫዋቹ የተሰጠውን ዕድል ከተጫዋቹ ብቃት ጋር ማምታታት ናቸው። በመጨረሻም የተሻለ ግምገማ ሊኖሩት የሚገቡ ባሕርያትና በአገራችን ለሚደረግ ምርምር ያላቸው አንድምታ ቀርበዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ ቅርጫት ኳስ፣ የተሰጥኦ ልየታ፣ አንጻራዊ ዕድሜ፣ ሥነ ሕይወታዊ ብስለት፣ ድራፍት፣ የዕድገት ጎዳና

1. መግቢያ

በየዓመቱ በሰኔ ወር 30 የኤንቢኤ ቡድኖች ድራፍት በሚባለው ሥርዓት በየተራቸው አዳዲስ ተጫዋቾችን ይመርጣሉ። ምርጫው ሁለት ዙር ሲኖረው በጠቅላላው የሚመረጡት 60 ያህል ናቸው። አንድ ቡድን በመደበኛ ውል 15፣ ከታዳጊ ሊጉ ጋር በሚያገናኝ ባለ ሁለት መንገድ ውል ደግሞ 3 ተጫዋቾችን መያዝ ስለሚችል በመላው ሊግ ያለው ቦታ ከ540 አይበልጥም። በአንጻሩ በአሜሪካ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር (ኤንሲኤኤ) አንደኛ ዲቪዚዮን ከ350 በላይ የወንዶች ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን እስከ 2024/25 የውድድር ዘመን ድረስ 13 የነፃ ትምህርት ዕድል መስጠት ይችል ነበር። ይህ ብቻ ከ4,500 የሚበልጥ ቦታ ነው። ከሌላው ዓለም የሚመጡት ሲጨመሩበት የበሩ ጥበት ይበልጥ ይታያል።

በዚህ ጠባብ በር ላይ የሚሰጠው ፍርድ ስለ አንድ የ18 ወይም የ19 ዓመት ወጣት ነው። ፍርዱ ትምህርቱን ይቀጥል ወይስ ያቋርጥ፣ ከአገሩ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለውን ውሳኔ ይነካል፤ የመጀመሪያ ገቢውንም ይወስናል። ስለዚህ የግምገማው ትክክለኛነት የቡድኖችን የፋይናንስ ስሌት ብቻ የሚመለከት ጉዳይ ሆኖ ሊታይ አይገባም፤ የወጣቱም የሕይወት ጉዳይ ነው።

ወጣቱ በስንት ዓመቱ ወደ ሊጉ ይግባ የሚለው ጥያቄም ለረጅም ጊዜ አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። በ1971 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስፔንሰር ሄይውድ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ አራት የኮሌጅ ዓመታትን መጠበቅ ግዴታ የነበረበትን አሠራር እንዲያበቃ መንገድ ከፈተ። በ1995 ኬቨን ጋርኔት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ በ5ኛ ተራ ተመረጠ፤ በቀጣዩ ዓመት ኮቢ ብራያንት በ13ኛ፣ በ2003 ደግሞ ሌብሮን ጄምስ በ1ኛ ተራ ተከተሉት። ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር በ2005 የደረሱበት የጋራ ስምምነት ግን ይህን ቀጥተኛ መንገድ ዘጋ። ከ2006 ድራፍት ጀምሮ ተመልማዩ በዚያው ዓመት 19 ዓመት የሚሞላው መሆን አለበት፤ አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ካጠናቀቀ ቢያንስ አንድ ዓመት ሊያልፈው ይገባል። ዛሬ የምናያቸው ልዩ ልዩ የዕድገት ጎዳናዎች የበዙት በከፊል ይህችን አንድ ዓመት የት ማሳለፍ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልስ ሲፈለግ ነው።

2. የጥናቱ ወሰንና ዘዴ

ጽሑፉ በይፋ የታወቁ የተጫዋች ታሪኮችንና የታተሙ ጥናቶችን በማነጻጸር የተዘጋጀ ገላጭ ትንታኔ ነው። የተጠቀሱት ተጫዋቾች በናሙና ዘዴ የተመረጡ ስላልሆኑ የስሕተቱን ዐይነት ለማሳየት እንጂ የስሕተቱን መጠን ለመለካት አያገለግሉም። ወሰኑ በወንዶች ውድድር ላይ ነው፤ የሴቶቹ ሊግ የዕድሜ ደንብ የተለየ በመሆኑ ራሱን የቻለ ጥናት ይሻል። ዓመታቱ በሌላ መልክ ካልተገለጹ በስተቀር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ተቀምጠዋል።

3. የመጀመሪያው ምንጭ፦ የዛሬው አካልና የነገው ተጫዋች

በየዓመቱ በግንቦት ወር በቺካጎ በሚካሄደው የቅድመ ድራፍት ምዘና የተመልማዩ ቁመት ያለ ጫማ፣ የተዘረጉ ክንዶቹ ርዝመት፣ ቆሞ እጁ የሚደርስበት ከፍታ፣ ክብደቱ፣ የዝላዩ ከፍታና የሩጫ ፍጥነቱ ይለካሉ። እነዚህ ልኬቶች አስተማማኝ ናቸው፤ በሌላ ቀን በሌላ ሰው ቢለኩም ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣሉ። ሆኖም አስተማማኝነትና ትንበያዊ ተገቢነት አንድ አይደሉም። በ2007 ኬቨን ዱራንት 84 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ብረት አንድ ጊዜ እንኳ ማንሳት አልቻለም ነበር። ያም ሆኖ በ2ኛ ተራ ተመረጠ፤ በ2014 ደግሞ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ልኬቱ ትክክል ነበር፤ ሆኖም የለካው የአንድን የ18 ዓመት ልጅ የዚያን ቀን ጉልበት ብቻ ነው። ጉልበት በልምምድ የሚገነባ ሲሆን ቁመትና የክንድ ርዝመት ግን በልምምድ አይገኙም። ስለዚህ ግምገማው በቅድሚያ ሊለወጥ የሚችለውን ከማይለወጠው መለየት ይኖርበታል።

ጉዳዩ በታዳጊዎች ዘንድ ይበልጥ ይወሳሰባል። ቁመት በከፍተኛ ፍጥነት የሚጨምርበት ዕድሜ በአማካይ ለሴቶች 12፣ ለወንዶች 14 ዓመት ገደማ ቢሆንም በግለሰቦች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው። በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት የ14 ዓመት ልጆች በሥነ ሕይወታዊ ብስለት በዓመታት ሊራራቁ ይችላሉ። ቀድሞ የጎረመሰው ልጅ ይረዝማል፣ ይፈጥናል፣ ይበረታል፤ አሠልጣኙም ከቀለበቱ ሥር አቁሞ በቁመቱ እንዲጫወት ያደርገዋል። እኩዮቹ ሲደርሱበት ብልጫው ይጠፋል፤ በእነዚያ ዓመታት ሊማረው ይገባ የነበረው ኳስ የመግፋትና የማቀበል ክህሎት ግን ሳይያዝ ቀርቷል።

የአንቶኒ ዴቪስ ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዴቪስ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጀምር ጋርድ ሆኖ የሚጫወት፣ ታዋቂነት የሌለው ልጅ ነበር። በትምህርት ቤት ቆይታው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨመረና 208 ሴንቲ ሜትር ገደማ ደረሰ። የጋርድነት ክህሎቱ ግን ከቁመቱ ጋር አብሮት ዘለቀ። በ2012 ከኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ጋር የኮሌጅ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመትም በ1ኛ ተራ ተመረጠ። በ15 ዓመቱ በቁመቱ ብቻ ተመዝኖ ቢሆን ኖሮ ማንም ልብ አይለውም ነበር።

ከብስለት ጋር የሚዛመደው ሌላው ጉዳይ አንጻራዊ ዕድሜ ነው። ታዳጊዎች በልደት ዓመት ሲመደቡ በጥር የተወለደው በታኅሣሥ ከተወለደው ጋር በአንድ ምድብ ይጫወታል፤ በመካከላቸው ግን ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ልዩነት አለ። ዴሎርምና ራስፖ በ2009 ባሳተሙት ጥናት በፈረንሳይ የተመዘገቡ ታዳጊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችን ሁሉ መርምረው በምድብ ዓመቱ መጀመሪያ ላይ የተወለዱት ከሚጠበቀው በላይ እንደሚበዙ አሳይተዋል። ክስተቱ በአመራረጥ ብቻ የሚገለጽ አይደለም፤ በዓመቱ መጨረሻ የተወለደው ልጅ ሳይመረጥ ሲቀር ጨዋታውን ሊተው ይችላልና ከናሙናው ራሱ ይወጣል።

በመጨረሻም የልምምድ ዕድሜ አለ። ጆኤል ኤምቢድ ቅርጫት ኳስ መጫወት የጀመረው 15 ዓመት ከሞላው በኋላ ሲሆን በ2011 በካሜሩን በተዘጋጀው የሉክ ምባ አ ሙቴ የሥልጠና ካምፕ ላይ ታየ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ3ኛ ተራ ተመረጠ። በጉዳት ምክንያት ሁለት የውድድር ዘመን ሙሉ ቢያመልጡትም በ2023 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ለመባል በቃ። በሦስት ዓመት ልምምድ እዚያ ደረጃ የደረሰን ተጫዋች በሦስት ዓመት ዕድሜው ካስ ይዞ ካደገ እኩያው ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ የዕድገት ፍጥነትን ከደረስንበት ቦታ ጋር ማምታታት ይሆናል።

4. ሁለተኛው ምንጭ፦ ከዐውዳቸው የተነጠሉ አኃዞች

የ2018 ድራፍት ለዚህ ክፍል ጥሩ ማሳያ ይሰጣል። ትሬ ያንግ በ2017/18 በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ በጨዋታ በአማካይ 27.4 ነጥብና 8.7 ለነጥብ ያበቁ ኳሶችን በማስመዝገብ አንደኛ ዲቪዚዮኑን በሁለቱም መለኪያ መራ። ከእርሱ በጥቂት ወራት የሚያንሰው ሉካ ዶንቺች በዚያው የውድድር ዘመን ለሪያል ማድሪድ በዩሮሊግ ያስመዘገበው በአማካይ 16 ነጥብና 4.3 ለነጥብ ያበቁ ኳሶችን ነበር። በድራፍቱ ዕለት አትላንታ ዶንቺችን በ3ኛ፣ ዳላስ ደግሞ ያንግን በ5ኛ ተራ መረጡና ተለዋወጡ፤ አትላንታ በተጨማሪ የመጪ ዓመት የአንደኛ ዙር ምርጫ አገኘ።

ጥሬ አኃዙን ብቻ የሚያነብ ሰው ያንግን በሰፊ ልዩነት ያስቀድማል። የመጀመሪያው እርማት ደቂቃን ይመለከታል። ያንግ በጨዋታ 35 ደቂቃ ገደማ፣ ዶንቺች ደግሞ 26 ደቂቃ ገደማ ተጫውተዋል። ነጥቡ ወደ 40 ደቂቃ ሲመነዘር 31 እና 25 ገደማ ስለሚሆን ከ11 በላይ የነበረው ልዩነት ወደ 6 ይወርዳል። ሁለተኛው እርማት ድርሻን ይመለከታል፤ የኦክላሆማ ማጥቃት በአብዛኛው በያንግ እጅ የሚያልፍ ሲሆን ማድሪድ ግን ልምድ ያላቸው በርካታ ተጫዋቾች ኳሱን የሚጋሩበት ቡድን ነበር። ሦስተኛው እርማት የተጋጣሚ ደረጃ ነው። ያንግ የገጠመው በአብዛኛው ከ18 እስከ 22 ዓመት የሆኑ ተማሪዎችን ሲሆን ዶንቺች የገጠመው የአውሮፓን ምርጥ ሙያተኞች ነው። በዚያ ዘመን መጨረሻ በ19 ዓመቱ የዩሮሊግ ኮከብ ተጫዋች ተብሏል፤ ከዚያ ቀደም ብሎም በ2017 ከስሎቬንያ ብሔራዊ ቡድን ጋር የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኖ ነበር። እርማቶቹ ያንግን ዝቅ ለማድረግ የቀረቡ አይደሉም፤ እርሱም በሊጉ ኮከብ ሆኗል። ቁም ነገሩ የ16ና የ27 ንጽጽር በራሱ ምንም እንደማይነግረን ማሳየት ነው።

ሌላው የአኃዝ ወጥመድ የናሙና ማነስ ነው። አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዓመቱ 100 የሦስት ነጥብ ውርወራ ቢሞክርና እውነተኛ ችሎታው 35 በመቶ ቢሆን መደበኛ ስሕተቱ 4.8 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ይሆናል። ይህ ማለት በአጋጣሚ ብቻ ከ26 እስከ 44 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ የትኛውንም ውጤት ሊያስመዘግብ ይችላል ማለት ነው። የክልሉ አንዱ ጫፍ ደካማ ወርዋሪ፣ ሌላው ጫፍ ድንቅ ወርዋሪ ያሰኛል። ልምድ ያላቸው ገምጋሚዎች የነፃ ውርወራ ውጤትን አብረው የሚመለከቱት በዚህ ምክንያት ነው፤ ርቀቱ አንድ ነው፣ ተከላካይ የለም፣ ሁኔታው አይለዋወጥም። ስለዚህ ከእጅ አወራወር የሚመጣውን ችሎታ ከአጋጣሚ ለመለየት ያግዛል።

የመሥመሩ ርቀት ራሱም ይለያያል። የሦስት ነጥብ መሥመር በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ሕግ 6.75 ሜትር ሲሆን ኤንሲኤኤም ለወንዶች ከ2019/20 ጀምሮ ይህንኑ ተቀብሏል። በኤንቢኤ ግን ከማዕዘኖቹ በስተቀር 7.24 ሜትር ነው። የውርወራ መቶኛን ከአንዱ ውድድር ወደ ሌላው በቀጥታ ማሻገር እንግዲህ በሁለት የተለያዩ መስፈሪያዎች እህል ሰፍሮ እኩል ነው እንደማለት ነው።

5. የዕድገት ጎዳናዎችና የሚያሳዩት ነገር

ከላይ የተነሡት ሁለት ምንጮች ተጫዋቹን እንዴት እናየዋለን የሚለውን ይመለከታሉ። ወጣቱ የሚመርጠው ጎዳና ደግሞ ምን ልናይ እንደምንችል ይወስናል።

የአውሮፓው የክለብ ሥርዓት ወጣቱን በክለቡ የታዳጊ ቡድን አሳድጎ ቀስ በቀስ ከአዋቂዎች ጋር ያጫውተዋል። ዶንቺች በ13 ዓመቱ ማድሪድ ገብቶ በ16 ዓመቱ ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። የጎዳናው ጥንካሬ ወጣቱ ገና በማለዳ ከበረቱ ተጋጣሚዎች ጋር መፈተኑ ነው፤ ድክመቱ ደግሞ ዋናው ቡድን ማሸነፍ ስላለበት ብዙዎቹ ወጣቶች የሚያገኙት ደቂቃ ጥቂት መሆኑ ነው። ሰርቢያዊው ኒኮላ ዮኪች ለወጣቶች ሰፊ ዕድል በሚሰጠው በሜጋ ክለብ አድጎ በ2014 በ41ኛ ተራ ተመረጠ፤ በኋላም ሦስት ጊዜ የኤንቢኤ ኮከብ ተጫዋች ሆነ። ያኒስ አንቴቶኩምፖ በግሪክ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ሲጫወት ታይቶ በ2013 በ15ኛ ተራ ተመረጠ። በእርሱ ጉዳይ ገምጋሚዎች የተቸገሩት የውድድሩ ደረጃ ዝቅተኛ በመሆኑ አኃዞቹን የሚያነጻጽሩበት መሠረት ስላልነበራቸው ነው።

የአሜሪካ ኮሌጅ የተለየ ባሕርይ አለው፤ ወጣቱ ሰፊ ድርሻ ያገኛል፣ ተጋጣሚው ግን በዕድሜ ይቀርበዋል። በ2006 የጸናው የዕድሜ ደንብ ታላላቅ ተስፈኞች አንድ ዓመት ብቻ ተምረው የሚወጡበትን ልማድ ፈጠረ። ብራንደን ጄኒንግስ በ2008 ይህን ትቶ ወደ ሮም አቀና፤ በቀጣዩ ዓመትም በ10ኛ ተራ ተመረጠ። የአውስትራልያ ሊግ በ2018 የመጪ ኮከቦች መርሐ ግብሩን ሲጀምር ይህን ፍላጎት በሥርዓት አስተናገደ። ላሜሎ ቦል በዚያ በኩል አልፎ በ2020 በ3ኛ ተራ ተመርጧል።

ኤንቢኤም በ2020 ኢግናይት የተባለ ቡድን በታዳጊ ሊጉ ውስጥ አቋቋመ። ደመወዝ የሚከፈላቸው ወጣቶች ከአንጋፋ ተጫዋቾች ጋር ሆነው አዋቂዎችን እንዲገጥሙ ታስቦ ነበር። ጄለን ግሪን በ2021 በ2ኛ፣ ስኩት ሄንደርሰን በ2023 በ3ኛ ተራ ከዚያ ተመረጡ። ቡድኑ ግን በ2024 ተዘጋ። ምክንያቱን ለመረዳት የኮሌጁን ለውጥ ማየት ያስፈልጋል። ከሐምሌ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተጫዋቾች ከስማቸውና ከምስላቸው ገቢ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ በሰኔ 2025 በፍርድ ቤት የጸደቀው ስምምነት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ገቢያቸውን በቀጥታ ለስፖርተኞች እንዲያካፍሉ በር ከፈተ። ኮሌጅ መክፈል ሲጀምር ኢግናይት የተፈጠረበት ምክንያት ጠፋ። ከዚህ የምንረዳው ጎዳናዎች በሥነ ትምህርታዊ ብቃታቸው ብቻ እንደማይኖሩና እንደማይሞቱ ነው፤ የሕግና የገንዘብ ለውጥ ይወስናቸዋል። ስለዚህ ከአንድ ዘመን የተሰበሰበ መረጃ ለሚቀጥለው ዘመን በቀጥታ ላይሠራ ይችላል።

በአህጉራችን በ2017 በሴኔጋል የተከፈተው የኤንቢኤ አካዳሚ አፍሪካና በ2021 በኪጋሊ የተጀመረው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ሌላ ጎዳና ዘርግተዋል። ከ2022 ወዲህ የአካዳሚው ተማሪዎች በሊጉ ክለቦች ተመድበው ከአዋቂዎች ጋር ይጫወታሉ። ካሜሩናዊው ኡልሪክ ቾምቼ በ2024 በ57ኛ ተራ ሲመረጥ ከአካዳሚው በቀጥታ ወደ ድራፍት የተሻገረ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። በስደት በኡጋንዳ ያደገው ደቡብ ሱዳናዊው ካማን ማሉዋች ደግሞ ከአካዳሚው በኋላ በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ በ17 ዓመቱ ለአገሩ ተሰለፈ፤ አንድ ዓመት በዱክ ዩኒቨርሲቲ አሳልፎም በ2025 በ10ኛ ተራ ተመረጠ። ሁለቱ ከአንድ አካዳሚ ወጥተው የተለያየ ተራ ላይ መድረሳቸው ጎዳናው ብቻውን ውጤቱን እንደማይወስንም ያስታውሰናል።

6. ሦስተኛው ምንጭ፦ ዕድልን ከብቃት ጋር ማምታታት

የግምገማን ትክክለኛነት ለመፈተን የተለመደው ዘዴ የድራፍት ተራን ከኋለኛው የሙያ ውጤት ጋር ማዛመድ ነው። ቀድመው የተመረጡት በአማካይ ረዘም ያለና የተሳካ ሙያ ስላላቸው ገምጋሚዎቹ ልክ ናቸው ይባላል። ይህ ድምዳሜ ግን ከባድ ችግር አለበት፤ ተራው ራሱ ውጤቱን ይሠራዋልና።

ስቶና ሆዋንግ በ1995 ያሳተሙት ጥናት ከ1980 እስከ 1986 የተመለመሉ ተጫዋቾችን ተከታትሎ፣ በሜዳ ላይ ያሳዩት ብቃት በስታቲስቲክስ ከተስተካከለ በኋላም፣ ቀድመው የተመረጡት የበለጠ ደቂቃ እንደሚሰጣቸውና በሊጉ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚቆዩ አሳየ። ተመራማሪዎቹ ክስተቱን ከማይመለስ ወጪ ጋር አያይዘውታል፤ ቡድኑ ውድ ምርጫ ያወጣበትን ተጫዋች በቀላሉ አይተውም። ካመረርና ዌበር በ1999 መረጃውን ሌሎች አማራጭ ማብራሪያዎችን ከግምት አስገብተው እንደገና ሲፈትሹት የክስተቱ መጠን አነሰ፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም። የውል ሥርዓቱም ይህን ያጠናክራል። የአንደኛ ዙር ተመራጭ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ደመወዙ ዋስትና አለው፤ ሳይመረጥ የቀረ ተጫዋች ግን በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ውስጥ ራሱን ካላሳየ ሊሰናበት ይችላል። አንዱ ተሳስቶ ለመታረም ሁለት ዓመት አለው፤ ሌላው ሁለት ሳምንት።

የቶሮንቶው ቡድን ታሪክ ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ ያሳያል። በ2012 በደቡብ አፍሪካ በተካሄደ የኤንቢኤ ካምፕ የተሳተፈው ካሜሩናዊው ፓስካል ሲያካም በኒው ሜክሲኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ በ2016 በ27ኛ ተራ ተመረጠ። በዚያው ዓመት ፍሬድ ቫንቭሊት አራት ዓመት ኮሌጅ ጨርሶ ማንም አልመረጠውም። ሁለቱም በቶሮንቶ ታዳጊ ቡድን ተጫውተዋል፤ ያ ቡድን በ2017 የታዳጊ ሊጉ ሻምፒዮን ሲሆን ሲያካም የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሁለቱ ለቶሮንቶ የ2019 የኤንቢኤ ሻምፒዮንነት ዐቢይ አስተዋጽኦ አደረጉ።

እዚህ ላይ የሚነሣው ጥያቄ የመጀመሪያው ግምገማ ስሕተት ነበር ወይስ ጎዳናው ተጫዋቾቹን ለወጣቸው የሚል ነው። በአንድ ተጫዋች ታሪክ ይህን መመለስ አይቻልም፤ ያው ሲያካም ታዳጊ ቡድን በሌለው ክለብ ቢመረጥ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር የሚያሳይ ታሪክ የለንምና። የምክንያትና ውጤት ምርምር መሠረታዊ ችግር ይኸው ነው። ሊባል የሚችለው፣ ዕድልን ያላካተተ የትንበያ ሞዴል የጎዳናውን ድርሻ ለተጫዋቹ ተፈጥሮ፣ የተጫዋቹን ድርሻ ደግሞ ለተራ ቁጥሩ እንደሚሰጥ ነው። ዕድል የተነፈገው ወጣትም በመረጃ ቋቱ ውስጥ ያልተሳካለት ተብሎ ይመዘገብና የሚቀጥለውን ሞዴል ያስተምራል። በዚህ መንገድ የቀደመ ፍርድ ራሱን እያረጋገጠ ይሄዳል።

7. የተሻለ ግምገማ ባሕርያት

ከላይ ከቀረበው ትንታኔ አራት ባሕርያት ይወጣሉ። አንደኛ፣ ግምገማው ተደጋጋሚ መሆን አለበት። በየስድስት ወሩ የተወሰዱ አራት መጠነኛ ምልከታዎች የአንድ ቀን ዝርዝር ምዘና የማያሳየውን የዕድገት አቅጣጫ ያሳያሉ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ልኬት በሦስት ዕድሜዎች ሊነበብ ይገባል፤ በልደት ዕድሜ፣ በሥነ ሕይወታዊ ብስለትና በልምምድ ዕድሜ። ካሚስና ሮች በ1994 ያቀረቡት፣ በታዳጊው ቁመትና ክብደት እንዲሁም በወላጆቹ ቁመት የአዋቂነት ቁመትን የሚገምተው ዘዴ የአጥንት ምስል ስለማይሻ በአነስተኛ ወጪ ይሠራል። ሚርዋልድና ባልደረቦቹ በ2002 ያወጡት የብስለት ቀመርም በሰፊው ይሠራበታል፤ ነገር ግን ቀድመው የጎረመሱትንም የዘገዩትንም ወደ አማካይ ስለሚስባቸው በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል።

ሦስተኛ፣ አኃዞች ከደቂቃ፣ ከድርሻና ከተጋጣሚ ደረጃ ጋር ተስተካክለው ከነስሕተት ክልላቸው መቅረብ አለባቸው። አራተኛ፣ የግምገማው መደምደሚያ ሁኔታዊ መሆን ይኖርበታል። "ይህ ልጅ 12ኛ ነው" ከሚል ዐረፍተ ነገር ይልቅ "ይህ ልጅ በጨዋታ 20 ደቂቃ ከአዋቂዎች ጋር የሚያገኝበት ክለብ ቢገባ በሦስት ዓመት እዚህ ሊደርስ ይችላል፤ ተቀያሪ ሆኖ ከቀረ ግን ውርወራው ላይዳብር ይችላል" የሚለው የበለጠ መረጃ ይዟል። ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ኋላ ሊፈተንና ሊስተባበል ይችላል፤ ለወጣቱና ለወላጆቹም ምክር ይሆናል።

8. ለአገራችን ምርምር ያለው አንድምታ

ከላይ የተዘረዘሩት ማስተካከያዎች ሁሉ በአንድ መረጃ ላይ ይቆማሉ፤ እርሱም ትክክለኛ የልደት ቀን ነው። በኢትዮጵያ በዐዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ታዳጊዎች የልደት ማስረጃ የሚሞላው ዘግይቶ፣ በወላጅ ቃል ነው።

የዘመን አቆጣጠሩም ልዩ ትኩረት ይሻል። ዓለም አቀፉ የታዳጊዎች ምድብ በጎርጎርዮስ ዓመት ሲለያይ የእኛ ዓመት መስከረም ላይ ይገባል። በ2000 ዓ.ም. የተወለዱ ሁለት ልጆችን እንውሰድ። በመስከረም የተወለደው በጎርጎርዮስ የ2007 ልጅ ሲሆን በየካቲት የተወለደው የ2008 ነው፤ መለያው ታኅሣሥ 22 ቀን ነው፤ በአብዛኞቹ ሌሎች ዓመታት ደግሞ ታኅሣሥ 23። በቅጹ ላይ ዓመት ብቻ ከተሞላና ሁሉም በአንድ ቁጥር ከተመነዘረ ከፊሎቹ ልጆች ያለ ምድባቸው ይገባሉ፤ አንጻራዊ ዕድሜን የሚያጠና ተመራማሪም የራሱን የምንዛሬ ስሕተት እንደ ግኝት ሊያቀርብ ይችላል። ስለዚህ ቀን፣ ወርና ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደተነገሩ ተመዝግበው ምንዛሬው ለብቻው ሊሠራ ይገባል።

የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ከስፖርት አካዳሚዎችና ከትምህርት ቤቶች ጋር በመተባበር በዚህ ረገድ ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ። ለአንድ የማስተርስ ጥናት የ13 ዓመት ታዳጊዎችን ቁመት፣ ክብደት፣ የወላጆች ቁመትና የልምምድ ዓመታት በየስድስት ወሩ ለሁለት ዓመት መመዝገብ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። ከሁሉ በላይ ግን ያልተመረጡትንና ያቋረጡትን ታዳጊዎች ከመዝገቡ አለማውጣት ያስፈልጋል፤ የምርጫው ስሕተት የሚታየው በእነርሱ ታሪክ ውስጥ ነውና።

9. ማጠቃለያ

ይህ ጽሑፍ የወጣት ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ግምገማ በሦስት መንገዶች እንደሚዛባ አሳይቷል። አካል ከብስለት፣ አኃዝ ከዐውድ፣ ውጤትም ከዕድል ሲነጠል ገምጋሚው ትክክለኛ ልኬት ይዞ የተሳሳተ ፍርድ ይሰጣል። የዴቪስ ቁመት፣ የዶንቺች 16 ነጥብና የቫንቭሊት አለመመረጥ የየራሳቸው ታሪክ ቢኖራቸውም የሚያመለክቱት አንድ ነገር ነው፤ የሚገመገመው ተጫዋቹ ከጎዳናው ጋር ነው። በመሆኑም ቀጣይ ጥናቶች ማን ይሳካለታል ብለው ከመጠየቅ ይልቅ ለማን፣ በየትኛው ጎዳና፣ በምን ያህል ዕድል ብለው ቢጠይቁ የተሻለ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ይኖራቸዋል። በ18 ዓመቱ ስለ ሕይወቱ ለሚወስነው ወጣትም ከደረጃ ቁጥሩ ይልቅ የዚህ ጥያቄ መልስ ይጠቅመዋል።